የኣቦይ ሓጎስ ታኮ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የጋራዡ ልጆች በግ አርደው ሸኙኝ። እኔም እንድበላ ብለው አራጁን ከእስላም ሰፈር ጠርተው ነው፤ አላህ ይስጣቸው፣ ክፉ ልጆች አይደሉም። ኃላፊው ተነስቶ ስለ ጥንቃቄዬ ብዙ ተናገረ። ጋሽ ይመር እጅ ላይ አንድም ሰው ተጎድቶ አያውቅም አለ። ተጨበጨበልኝ፣ ብርድ ልብስም ሸለሙኝ።

ብርድ ልብሱን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደተቀመጥኩ፣ ከግቢው ጥግ አንዱ ወጣት መኪና ሥር ሊገባ ሲል ጓደኛው ጮኸበት። «አንተ! መጀመሪያ ታኮ! እንደ ሓጎስ ምስማር ላይ ረስተኸው እንዳትገባ!» ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወላሂ ሳቅሁ፤ ጥርሴን አሳይቼ።

ታኮ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚገባ የእንጨት ሽብልቅ ነው። ሓጎስ ደግሞ በዚህ አካባቢ ባሉ ጋራዦች ሁሉ የዝንጉ ሰው ስም ሆኗል። ከማይጨው እስከ አዲግራት በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ታኮ ታኮ እያለ ሲሰብክ ኖሮ በመጨረሻ ራሱ ረስቶት የሞተ ሞኝ ሽማግሌ ይሉታል። ከሚሉት መካከል አንድም ሰው ሓጎስን አያውቃቸውም። እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ሙያዬን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አልረሱም። ይህን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን፣ አንደኛው ሞቷል። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ሲሳቅ አብሬ እስቃለሁ።

መቀሌ የመጣሁት ጣሊያን መንገድ ሲያሠራ ነው፤ ከወሎ ብዙ ሆነን መጣን። ድንጋይ ፈለጥኩ፣ ሬንጅ አፈላሁ፣ ከዚያ ወደ መኪና መጠገኛቸው አስገቡኝና ቅባት የያዘ ብረት በቤንዚን አጥብ ነበር። አለቃዬ እስላሙን ሁሉ መሐመድ ብሎ የሚጠራ ጣሊያን ነበር። ሁለት ዓመት መሐመድ ሆኜ ኖርኩ። ደመወዙ ከድንጋዩ ይሻል ነበር፣ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚነገር የለም።

ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ መኪናው በየሜዳው ተጥሎ ቀረ። ኣቦይ ሓጎስ ያኔ ነው እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ግርጌ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ቆርቆሮ አቁመው የራሳቸውን ጋራዥ የከፈቱት። አስመራ የተማሩ መካኒክ ናቸው። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ኣቦይ በትግርኛ አባቴ ማለት ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ይላቸው ነበር። ሥራ ፍለጋ ስሄድ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ስምህ ማነው?»

«መሐመድ።»

«እሱ ጣሊያኑ ያወጣልህ ነው። እናትህስ ማን አለችህ?»

«ይመር።»

«በል ይመር፣ ግባ።» ገባሁ፤ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ።

ስለ እሳቸው ልማድ ልናገር፤ ሰው እንዲያውቃቸው እፈልጋለሁና። ሁለት ታኮ ነበራቸው፣ ራሳቸው ከወይራ የጠረቧቸው፣ በጠፍር የተያያዙ። በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይሰቀላሉ። ጠዋት መጥተው ከሰው ጋር ከመነጋገራቸው በፊት ታኮዎቹን አውርደው ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። መኪና ሥር ሊገቡ ሲሉ ታኮውን በመዳፋቸው መትተው ያስገቡና መኪናውን በትከሻቸው ሦስት ጊዜ ይገፉታል። ካልነቃነቀ «በስመ አብ» ብለው ይገባሉ። ጋራዡ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ነው እል ነበር። አንድ ቀን ግን ሜዳ ላይ፣ ጎማውም ሞተሩም የወለቀ መኪና ሥር ሲገቡ ታኮ ሲያደርጉ አየሁና ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «ሳቅ» አሉኝ፣ «ስቀህ ስትጨርስ ሁለተኛውን አቀብለኝ።»

ሌላው ልማዳቸው ቅጣታቸው ነው። አይሳደቡም፣ አይማቱም። አንድ ነገር ከሰበርኩ የሰበርኩትን እጄ ላይ ያስቀምጡና «ያዘው» ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ይዤው እውላለሁ። ምሳ ስበላ በግራ እጄ ይዤው፣ ሰው ሲጨብጠኝም ይዤው። አንድ ጊዜ የተሰበረ የዲናሞ ክዳን አስይዘው ገበያ ላኩኝ። የዚያን ቀን የሳቀብኝ ሰው ብዛቱ! እሳቸው ግን ሲመሽ ክዳኑን ተቀብለው «ከበደህ?» ብቻ አሉኝ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ አያነሱትም።

በዚያ ዘመን የመኪና ዕቃ የሚባል የለም። ጎማ ሲቀደድ በበሬ ቆዳ ይሰፋል። የፍሬን ዘይት ሲጠፋ ከጉሎ ዘይትና ከሁለት ጊዜ የተጣራ አረቄ ራሳችን እንቀምማለን። አረቄውን እሳቸው ማንኪያ ላይ አድርገው በእሳት ይለኩሱታል። ነድዶ ማንኪያው ደረቅ ከሆነ ጥሩ ነው፣ እርጥበት ከቀረ ሻጯ ውኃ ጨምራበታለች ማለት ነው። እኔ በሃይማኖቴ ስለማልነካው ይቀልዱብኝ ነበር። «አብሽር ይመር» ይሉኛል በወሎ አነጋገር፣ «አንተ አትጠጣም፣ መኪናው ይጠጣልሃል!»

ግርማይ የመጣብን በዚህ ጊዜ ነው። የነጋዴ ልጅ፣ ከአስመራ ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር፣ ሲስቅ ከሩቅ የሚሰማ ሰው። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን አንድ ትንሽ መኪና ገዝቶ ጣሪያውንና በሩን ነቅሎለት ነበር። ያኔ ሾፌሮቹ እሑድ እሑድ ኲሓ ላይ፣ አውሮፕላን ያርፍበት በነበረው አስፋልት፣ ይሽቀዳደማሉ። ግርማይ አስመራ ያየውን አንድ ነገር ፈለገ። መኪናው ባለበት ቆሞ የኋላ ጎማው ብቻ እየተሽከረከረ እንዲጨስ። «ጎማው ሲግል አስፋልቱን ይነክሳል፣ ሲለቀቅ እንደ ጥይት ነው!» አለ። እውነቱን ለመናገር የፈለገው ጭሱን ነው። ሰው እንዲያይለት።

ኣቦይ ሓጎስ ሰምተው ሲጨርሱ «ሰው ጎማ አጥቶ በቆዳ ይሰፋል፣ አንተ ልታቃጥለው?» አሉ።

«የራሴ ጎማ ነው፣ ኣቦይ።»

«አውቃለሁ። የእኔ እጅ ግን አይሠራውም።» ጉዳዩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ምነው አልቆ በቀረ! እኔ ነኝ ያስነሳሁት። እንዴት እንደሚሠራ በጭንቅላቴ ታይቶኝ ነበርና እንቅልፍ አጣሁ። ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱ ተገፍቶ በሁለት ቀጭን ቱቦ ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ፊት ጎማዎች፣ ሌላው ወደ ኋላ። በፊተኛው ቱቦ መሃል መዝጊያ ብታስገባ፣ ፔዳሉን ረግጠህ መዝጊያውን ዘግተህ እግርህን ብታነሳ፣ የኋላው ጎማ ነፃ ይሆናል፣ የፊቱ እንደተያዘ ይቀራል። ያን ጊዜ ማርሽ አስገብተህ ነዳጅ ብትረግጥ የኋላው ባለበት ይሽከረከራል። ይህን ለኣቦይ ሓጎስ መሬት ላይ በእንጨት ሥዬ አሳየኋቸው። ሥዕሉን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ትምህርት ከሆነህ ሥራው» አሉ። «ለግርማይ ብዬ አይደለም።»

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የነዳጅ ቧንቧ መዝጊያ ሞከርኩ፣ የፍሬኑን ግፊት አልቻለም፣ በመጀመሪያው ርግጫ ዘይቱን ፊቴ ላይ ተፋው። በኋላ ከአንድ የተጣለ የብየዳ ጋዝ ጠርሙስ አናት ላይ መዝጊያውን ፈታሁት። ያ ብዙ ግፊት የለመደ ነው። ዘንጉ በሚያልፍበት በኩል እንዳያፈስ ቆዳ ክብ አድርጌ ቆርጬ በጉሎ ዘይት ዘፈዘፍኩና ጠቅጥቄ አሰርኩበት። የመዳቡን ቱቦ ቆርጬ አፉን በሾጣጣ ብረት ገለጥኩት። ይህ ሥራ ቀስ ተብሎ ነው፤ ከቸኮልክ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም በዓይን አይታይም። ከዚያ አየር ማስወጣት መጣ። ኣቦይ ሓጎስ ራሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው «ፍታ!» ብለው ይረግጣሉ፣ እኔ ከታች እፈታለሁ፣ «እሰር!» እስኪሉኝ። ዘይቱን በምቀበልበት ጠርሙስ ውስጥ አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ግማሽ ቀን ሠራን። እጄ አይሠራውም ያሉት ሰውዬ በእግራቸው ሠሩት።

መብራቱን ግን ማንም አላዘዘኝም። የራሴ ትዕቢት ነው። ሾፌሩ መዝጊያው ተዘግቶ ይሁን ተከፍቶ እንዲያውቅ ብዬ ከባትሪው ሽቦ ስቤ፣ በፊውዝ አሳልፌ፣ ሰዓቶቹ ያሉበት ሰሌዳ ላይ ካሰርኩት ትንሽ አምፖል ጋር አገናኘሁት። ቀይ ብርጭቆውን ከተሰበረ ብስክሌት አወጣሁ። ሌላውን የሽቦ ጫፍ ወደ መዝጊያው ወሰድኩና ከነሐስ ቀጭን ምላስ ሠራሁለት። እጀታው እስከ መጨረሻው ሲዞር ምላሱን ይነካል፣ አምፖሉ ይበራል። ሲከፈት ይጠፋል። መጀመሪያ የበራ ዕለት ዘልዬ ኣቦይ ሓጎስን አቀፍኳቸው።

እሳቸው እጀታውን አዞሩት፣ መለሱት፣ አዞሩት። «ጽቡቕ ነው» አሉ፤ በትግርኛ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ጣታቸውን አምፖሉ ላይ አድርገው «ይኼ እጀታው የት እንዳለ ይነግርሃል። ጎማው ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቅም» አሉኝ። ሰማሁ። በጆሮዬ ሰማሁ ማለቴ ነው።

ኲሓ ላይ የሆነውን ለማየት ከተማው ወጥቶ ነበር። ግርማይ ፔዳሉን ረገጠ፣ እኔ ጎኑ ተቀምጬ መዝጊያውን ዘጋሁ፣ ቀዩ መብራት በራ። ነዳጅ ሲሰጠው የኋላ ጎማው እየጮኸ ዞረ፣ መኪናው ተንቀጠቀጠ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ጭሱ ሸፈነን። መዝጊያውን ስከፍተው ተወረወርን! ሕዝቡ እልል አለ። ወይ ጉድ፣ ምን ልበላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ስመለስ ኣቦይ ሓጎስን ከኋላ ቆመው አገኘኋቸው፣ ለማያውቁት ሰው «ወደይ እዩ ሠሪሕዎ» ይሉ ነበር። ልጄ ነው የሠራው ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ግርማይ መኪናውን ይዞ ጋራዡ መጣ። ከፊት በኩል ጠብ ጠብ ይላል አለ። ኣቦይ ሓጎስ ያን ቀን ሊመጡ አልነበረም። የባለቤታቸው የአደይ ለተብርሃን ወንድም ተዝካር ውቕሮ ስለነበረ አብረው ሊሄዱ ነው፤ አደይ እናቴ ማለት ነው። ግን መጡ። «አየት አድርጌው እሄዳለሁ» አሉ፣ ታኮዎቻቸውን ከምስማሩ አወረዱ። መኪናው አፍንጫውን ወደ ላይ፣ ወደ ተዳፋቱ አድርጎ ቆሟል። የእጅ ፍሬኑን ግርማይ ድሮ ነቅሎ ጥሎታል። ሁለቱን ታኮ ከጎማዎቹ ኋላ መትተው አስገቡ። በትከሻቸው ገፉት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይኼን አይቻለሁ። በዓይኔ በብረቱ።

ጠብታው የሚታየው መኪናው ሲንቀጠቀጥ ነው፣ ስለዚህ ሞተሩን አስነሳሁ። ሞተሩ እየሠራ መኪናውን በማርሽ ማስያዝ አይቻልም ማለት ነው። ግርማይ ታኮዎቹን አይቶ ሳቁን ለቀቀው።

«ይመር! የገዛ መምህርህ ሥራህን አያምኑትም እንዴ? ትናንት ያን ሁሉ ጉልበት የያዘ ፍሬን ዛሬ በእንጨት ይደገፋል?»

ፊቴ ጋለ። ሞኝነቱን አሁን ስጽፈው እንኳ ያመኛል። ወንበሩ ላይ ወጥቼ ፔዳሉን ሁለቴ ሦስቴ ረገጥኩ፣ መዝጊያውን ዘጋሁ፣ መብራቱ በራ። ወረድኩና ጎንበስ ብዬ ሁለቱን ታኮ ሳብኳቸው። መኪናው ንቅንቅ አላለም። «ይኸው!» አልኩ። «ሰው ሳይቀመጥበት!» ግርማይ አጨበጨበ።

ኣቦይ ሓጎስ እጄ ላይ ያሉትን ታኮዎች አዩ። ቀዩን መብራት አዩ። ከዚያ ፊቴን አዩት፣ ረዘም አድርገው። መልስ እንዲሰጡኝ እየጠበቅሁ ነበር። «መልሰህ አስገባ» ቢሉኝ አስገባ ነበር፣ ግርማይም ይስቅብኝ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ያን ያውቃሉ። ሰው ፊት ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም። «ጽቡቕ» አሉ። «በስመ አብ» ብለው ገቡ።

ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። ከግርማይ ጋር እያወራን ነበር፤ ስለ ጭሱ፣ ስለ ሕዝቡ፣ ሌላም ሾፌር እንደዚህ ያለ ነገር እንድሠራለት እንደሚፈልግ። ኲሓ ላይ መዝጊያው የሚይዘው ለአፍታ ነው። ለአፍታ የሠራሁትን ነገር ሰው ሥሩ አስተኝቼ ጨዋታ ጀመርኩ። የመዝጊያው ቆዳ ትናንት ግሎ፣ ሌሊት በርዶ፣ ጠርዙ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አውጥቶ ነበር፤ በኋላ ፈትቼ አየሁት። ዘይቱ በዚያ በኩል ቀስ እያለ ያመልጥ ነበር።

መኪናው ሲነቃነቅ ድምፅ አላሰማም። ግርማይ ጮኸ፣ እኔ ዘልዬ ወጣሁ። እግሬ ፔዳሉ ላይ መሄድ ነበረበት። እጄ ግን ወደ መዝጊያው ሄደ። መብራቱ በርቷል፣ መዝጊያው ተዘግቷል፣ እኔ ይበልጥ አጠብቀዋለሁ! የተዘጋውን እዘጋለሁ! እግሬ ፔዳሉን ሲያገኝ የፊት ጎማው አልፎባቸው ነበር። መብራቱ እንደበራ ነው። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን የማየው እሱን ነው።

«ይመር» አሉ አንድ ጊዜ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር፣ ግርማይ ሰው ሊጠራ ሮጠ። ትንፋሻቸው ሲቆም እዚያው ነበርኩ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጭንቅላታቸውን ቀስ አድርጌ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ተነሳሁ። ሁለቱን ታኮ ከወደቁበት አንስቼ፣ አቧራቸውን በሱሪዬ ጠርጌ፣ ምስማሩ ላይ ሰቀልኳቸው። ለምን ብባል ምን እላለሁ? እጄ አደረገው ብዬ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። እጄ ብቻውን አቧራ አይጠርግም።

ፖሊስ መጣ፣ ጸሐፊው ወረቀቱን ዘርግቶ «ታኮ አልነበረም?» አለ። ግርማይ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ምስማሩ ጠቆመና «ረስተውት ገቡ» አለ። ጸሐፊው ወደ እኔ ዞረ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። አለቀ። ከተማው ሁሉ ምስማሩ ላይ የተሰቀሉትን ታኮዎች መጥቶ አየ። ሓጎስ! ሓጎስ ረሳው! ይባል ጀመር፣ መጀመሪያ በሐዘን፣ ቆይቶ በግርምት፣ በመጨረሻ በሳቅ።

አደይ ለተብርሃን ከቀብር ሲመለሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ረስቶት ነው?»

«ረስተውት ነው፣ አደይ።»

ለአርባው ታኮዎቹን ከምስማሩ አውርደው ሰጡኝ። «እሱ የረሳውን አንተ አትርሳ፣ ወደይ» አሉኝ። ተቀበልኩ። በምን ዓይኔ እቀበላለሁ? ተቀበልኩ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ ለመንገር የሚረባ አይደለም። ጋራዡ ተዘጋ፣ ግርማይ አስመራ ገባና እዚያው ሞተ፣ እኔ በመንግሥት የመንገድ ሥራ ተቀጠርኩ። ማይጨው፣ አዲግራት፣ እንደገና መቀሌ። አለቃ ተለዋወጠ፣ ወረቀት በዛ፣ ደመወዝ ትንሽ ትንሽ ጨመረ። ፍሬን ላይ ጎበዝ ተባልኩ። በሄድኩበት ሁሉ እነዚያን ታኮዎች ይዤ ሄድኩ፣ አንድም ቀን ያለ እነሱ መኪና ሥር አልገባሁም። ጥንቃቄው ያሉት ይኼንን ነው። በየዓመቱ ደግሞ ለበዓል ስኳርም ሳሙናም ይዤ አደይ ለተብርሃን ዘንድ እሄዳለሁ። ይመርቁኛል። አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ።

ከሽኝቱ በኋላ በሦስተኛው ቀን ታኮዎቹን በከረጢት ይዤ ሄድኩ። ሰሜን በኩል፣ ወደ ውቕሮ መውጫ ያለች አንዲት ክፍል ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፄን ለይተው «ይመር ዲኻ? ግባ» አሉ፤ ይመር ነህ ወይ ማለታቸው ነው። ቆዳው ያለቀ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አፌን ልከፍት ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«ጡረታ ወጣህ አሉ። እንግዲህ ሁለታችንም አርጅተናል፣ ልንገርህ። ለንስሐ አባቴ ብቻ ነው የነገርኩት።» እጃቸውን እያሻሹ ቆዩ። «የዚያን ቀን ጠዋት ተጣልተን ነው የወጣው። ወደ ወንድሜ ተዝካር ከመሄዴ በፊት ይመርን ልየው ሲለኝ ተናደድኩ። ሂድ፣ እዚያው ብረትህ ጋ ቅር አልኩት። ሳይመልስልኝ ወጣ። ሓጎስ ታኮ የሚረሳ ሰው ነው? ልቡን ሰብሬው ነው እንጂ! ንዴቴን ተሸክሞ ሄዶ ነው የረሳው። ይኸው ሠላሳ ዓመት እጾማለሁ፣ እግዚአብሔር ግን ዝም ብሎኛል።»

ያ ረቢ! ሠላሳ ዓመት። እኔ በውሸቴ ያጠፋሁት የኣቦይ ሓጎስን ስም ብቻ ነው ብዬ ነበር። እዚህች ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ራሷን ገዳይ አድርጋ ስትኖር፣ እኔ ሳሙና ይዤላት እመጣ ነበር።

ከበርጩማው ወርጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኣቦይ ሓጎስ ታኮውን እንዳስገቡ፣ ሦስት ጊዜ እንደገፉ፣ እኔ እንዳነሳሁት፣ ፊቴን አይተው እንደገቡ፣ ምስማሩን። ስጨርስ በጣም በቀስታ «ኣይረስዐን?» አሉ። አልረሳም?

«አልረሱም፣ አደይ።»

«ኣይረስዐን» አሉ እንደገና፣ ለራሳቸው። እጃቸውን ዘረጉ። ታኮዎቹን ሰጠኋቸው። በጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት፣ ጠፍሩን ዳሰሱት። አንዱን ጭናቸው ላይ አስቀሩና ሁለተኛውን መለሱልኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። አልረገሙኝምም፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለእኔ ነገርከኝ» አሉ። «ለሚስቁበትስ ማን ይንገራቸው? ሂድ ንገራቸውና ያሉህን መጥተህ ንገረኝ።»

በማግስቱ ጋራዡ ሄድኩ። ልጆቹን ሰብስቤ መናገር አቃተኝ፣ ስለዚህ ኃላፊውን ለብቻው ይዤ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሰምቶ ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ትከሻዬን ያዘኝ።

«ጋሽ ይመር፣ ይኼ ከባድ ነው። ግን እባክህ እዚሁ ይቅር። ለልጆቹ እንደ ሓጎስ እንዳትረሱ ስንላቸው ታኮ ያስገባሉ። ስንት ሰው ተርፎበታል መሰለህ! አሁን እሱ አልረሳም ብንላቸው ምን ይጠቅማል? ለሟቹም ቢሆን ሰው ማዳኑ ክብር ነው።»

ተሰናበትኩት። ስወጣ ከወዲያ አንዱ ልጅ ለጓደኛው «እንደ ሓጎስ!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ጓደኛው እየሳቀ ታኮውን አነሳና ጎማው ሥር መትቶ አስገባ። በደንብ አድርጎ ነው ያስገባው።

አደይ ለተብርሃን መልሴን እየጠበቁ ነው። ታኮውን በእጄ ይዤ ሁለት ጊዜ ደጃፋቸው ድረስ ሄጃለሁ። ሁለተኛው ጊዜ ኮቴዬን ሰምተው ከውስጥ «ይመር ዲኻ? እንታይ በሉኻ?» አሉ። ምን አሉህ ማለታቸው ነው። ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ፣ ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ድምፅ ሳላሰማ ተመለስኩ።